በጣና ላይ የጨመርነው ቃል

ማኅበርተኞቼ፣ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጣና ቂርቆስን አብረን የተሳለምን የደብረ ታቦር ሰዎች ሆይ፤ ይህን የምጽፍላችሁ የቂርቆስ በዓል፣ ጥር 15፣ ሳይደርስ ነው። ዘንድሮም እንደ ልማዳችን መኪና ተከራይተን፣ ሌሊት ተነሥተን፣ ዓለም በርን፣ ወረታንና ሐሙሲትን አልፈን ባሕር ዳር እንወርዳለን። ከዚያ ጀልባ ላይ እንወጣለን። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ይከተሉናል። ጀልባው ደሴቷ እስኪደርስ ረጅም ሰዓት አለ፤ በዚያ ሰዓት ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ እኛም እንመልሳለን። የምለምናችሁ ስለዚያ ሰዓት ነው። ከአባቶቻችን ያልተቀበልነውን አንናገር። ይህን የምለው ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። ከእናንተ ሁሉ ቀድሜ የበደልሁት እኔ ነኝ፤ በደሌንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዐለት ላይ፣ አናታቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ምሰሶዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ያን ጠዋት በአንደኛው ጎድጓዳ የሌሊቱ ጤዛ ተጠራቅሞ ነበር፤ አንዲት የደረቀች ቅጠል ተንሳፍፋበታለች፤ ዙሪያውን የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። አባቶች ስለዚህ ድንጋይ የሚሉት ይህን ያህል ነው፦ በኦሪቱ ሥርዓት መሥዋዕት ሲሠዋ የበጉ ደም የሚጠራቀመው በዚህ ነበር። ከዚህ የሚያልፍ ቃል ከአንድም መነኩሴ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን በዚያ ቀን ይዣቸው የሄድሁት ወጣቶች እየተሳሳቁ፣ ስልካቸውን እየነካኩ አስቸገሩኝ። ድንጋዩንም እንደ ማንኛውም ድንጋይ አይተው ሊያልፉት ሆነ። ይኸኔ ዱላዬን ጎድጓዳው አፍ ላይ አሳርፌ፣ «ስቅለት ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ይህ ድንጋይ ደም ያልበዋል» አልኋቸው።

ዝም አሉ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ዝምታቸው ደስ አለኝ። ለእግዚአብሔር ክብር ያደረግሁት መሰለኝ፤ ወዲያውም ረሳሁት።

የዛሬ ሦስት ዓመት የልጄን ልጅ ይዤው ሄድሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ነገር የሚመረምር ልጅ ነው። ከእኛ ጋር አንድ ወጣት አስጎብኚ ነበር፤ ጨዋ ነው፣ አንደበቱም ርቱዕ ነው። ምሰሶዎቹ ዘንድ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስቅለት ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ይህ ድንጋይ ደም ያልበዋል፤ የደብረ ታቦር ሽማግሌዎች በዓይናቸው ያዩት ነው» አለ። የገዛ ቃሌ፣ ሰዓቱ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ምስክር ተጨምሮለት ወደ እኔ ተመለሰ። ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥሁ። የልጅ ልጄ ግን ዝም አላለም። ከዛፍ ጥላ ሥር ወደ ተቀመጡ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሄዶ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሳልወጣ ስንት ስቅለት ሰግጄ አሳልፌአለሁ። ድንጋዩ ድንጋይ ነው» አሉት።

በመመለሻችን ከጎኔ ተቀምጦ ውኃውን ሲያይ ቆየ። ኋላ፣ «አባባ፣ የደሙ ነገር ውሸት ከሆነ የጽላቱስ?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ «የእመቤታችንስ?» አለኝ።

እኩዮቼ፣ እኔ ለዚህ ልጅ በዚያች ጀልባ ላይ መልስ አጣሁ። እውነቱን የነገርሁት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ሰማኝ፤ አልተቆጣኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ደሴቷ የምነግረውን ሁሉ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማኝ። አንዲት ቃል ጨምሬ ብዙ ቃል አሳጣሁት።

ምን እንደ ተቀበልን ልዘርዝር፤ ወሰኑን እንድናውቀው። የጣና ቂርቆስ አባቶች ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመሄዱ በፊት በደሴቲቱ ቆይቷል ይላሉ። ዘመኑን አንዳንዱ 600 ዓመት፣ አንዳንዱ 800 ዓመት ያደርገዋል። እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ዘመን መጥታ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ዐርፋበታለች ይላሉ። አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንደ ኖሩበት፣ ቅዱስ ያሬድም እንደ ዘመረበት ይተርካሉ። ይህ የደሴቲቱ የአፍ ቅርስ ነው። ክብረ ነገሥትን ብትከፍቱ ጽላቱ ወደ ደብረ ማክዳ እንደ ገባ ታነባላችሁ፤ ስለ ጣናው ቆይታ የምታገኙት የለም። ይህን ለልጅ መንገር ምን ያስፈራል? «ይህ ተጽፏል፣ ይህ ግን ከአባት ለልጅ በቃል የመጣ ነው» ብሎ መለየት እምነትን አያፈርስም። እኔ ለይቼ ነግሬው ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጄ ሁለቱን ባንድ ከረጢት አድርጎ ባልጣላቸው ነበር። ስለ 600ውና ስለ 800ውም ቢሆን ሁለቱንም እንንገር። ከመካከላችን «700 ነው» ብሎ ሊያስታርቅ የሞከረ ወንድም አለ፤ እባክህ ተው። ያ ቁጥር የማንም አይደለም፤ አንተ ጀልባ ላይ የወለድኸው ነው።

በቀረው ደግሞ ሐይቁ ጭማሪ አያስፈልገውም። ከቂርቆስ ብዙም በማትርቀው በሬማ መድኃኔ ዓለም አፄ ሠርፀ ድንግል ተቀብረዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል፣ የሌሎችም ነገሥታት ዐፅም ዐርፏል። የጎንደርን ግንብ ያሠራ ንጉሥ በዚህ ደሴት መቀበሩ ብቻውን ሰው ዝም የሚያሰኝ ነገር አይደለምን? ባለፈው ግን አንዱ ማኅበርተኛችን፣ የአንዱ ንጉሥ አስከሬን ዓይኑ ሲገለጥ አየሁ ብሎ በሰንበቴ ቤት ሲናገር ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ፊትህን አይቼ ስላፈርሁልህ ያን ቀን አልተናገርሁም። ዛሬ እናገራለሁ፤ አላየህም።

እኛ ደግሞ ከሌላው አገር ሰው ይልቅ ልንፈራ የሚገባን ምክንያት አለ። የምንኖርበት ከተማ መጽሐፍ ተሰብስቦበት መጽሐፍ ያጣ ከተማ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት በ1859 ዓ.ም በእሳት ሲያጠፉ፣ ከየእቃ ቤቱ የወጣው ብራና ወደ ደብረ ታቦር መጣ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ መጽሐፍ ነበር። በ1860 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን መድፍ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መጻሕፍቱንም አስጭነው ወደ መቅደላ ሄዱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወሰደው። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በእኛ ተራራ ስንቱ ገድል፣ ስንቱ የርስት ማስታወሻ፣ ስንቱ የዳር ጽሑፍ እንደ ጠፋ አስቡት። ዳር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር ለአንድ ደብር ታሪኩ ሁሉ ልትሆን ትችላለች። ብራናው ከሄደ በኋላ የቀረልን የሽማግሌ አፍ ነው። ያም ቢበላሽ የምንጠይቀው ለንደን የለም።

ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባን ከሩቅ አገር የምንማረው አይደለም። ደቡብ ጎንደር የቃል ጥንቃቄ አገር ነው። ድጓ ዘልቆ ማስመስከር የሚፈልግ ከየትም ይሁን ቤተልሔም ይመጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ ይወጣል። እኔ ለማስመስከር የበቃሁ ሰው አይደለሁም፤ በልጅነቴ ግን ድጓ ቤት ገብቼ ነበር። የኔታ መደብ ላይ ጋደም ብለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያደምጡት። የተኙ ይመስላሉ። አንድ ቀን በአንዲት ቃል ላይ ድምፄን ትንሽ አስረዝሜ አዞርሁት። ዓይናቸውን ሳይገልጡ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። «ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። «አማረኝ» አልሁ። «ያማረህን ለራስህ አዚመው። እዚህ የምትለው የተቀበልኸውን ነው» አሉና ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያችን አንዲት መሥመር ስመላልስ ዋልሁ። የአንዲት ቃል ዜማ እንዲህ ከተጠበቀ፣ የአንድ ገዳም ታሪክ በጀልባ ላይ እንዴት እንደ ወረደ እንናገረዋለን? የኔታ በዚያች ጀልባ ላይ ቢሆኑ መቋሚያቸው ስንት ጊዜ ወለሉን በነካ!

የጥንቶቹም እንዲሁ ነበሩ። ደራ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ያለችውን ቆራጣን ታውቃላችሁ፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ናት። ወለተ ጴጥሮስ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሃይማኖቷን አልለውጥም ብላ የተጋደለች እናት ናት። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚያውቋትና ከሚያውቋት የሰሙ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ። ቶሎ ጻፉት፤ ከተናጋሪው ጋር አብሮ እንዳይቀበር። ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ደግሞ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ዞሮ፣ በየደሴቱ አባቶች ያሉትን ጽፎ በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። አያቶቻችን ለእሱ የነገሩት ነገር እዚያ ታትሞ ተቀምጧል። ነገ አንድ ልጅ ያን መጽሐፍ ከእኛ ቃል ጋር ያስተያየዋል፤ ማን እንደ ጨመረ ያኔ ይታወቃል።

ሁለት ጭማሪዎች ከሌላው ይልቅ እንቅልፍ ይነሡኛል፤ ሰው ስለሚጎዱ።

አንደኛው የወርቅ ወሬ ነው። «ከመንበሩ ሥር ወርቅ አለ፣ ከዐለቱ በታች ዋሻ አለ፣ ነገሥታቱ ሀብታቸውን ቀብረውበታል» የምትሉ አላችሁ። ለቦታው ክብር የጨመራችሁ ይመስላችኋል። የሚሰማችሁ ግን የልጅ ልጃችሁ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውም ይሰማል፤ ስልኩ የቀዳው ደግሞ ማምሻውን ቲክቶክ ላይ ይውላል። ወርቅ ተቀብሯል በተባለበት የሌሊት ቆፋሪ እንደማይታጣ ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ደሴቶች የሚያድሩት መሣሪያ የሌላቸው አረጋውያን መነኮሳት ናቸው። ያለውንም ቅርስ፣ አክሊሉን፣ መስቀሉን፣ ብራናውን፣ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ፣ ቁልፉ ማን እጅ እንደሚገኝ እየቆጠራችሁ አትናገሩ። አይተናል ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው የእምቦጭ ነገር ነው። ሐይቁን የወረረው አረም የባሕታዊ ርግማን ነው እያልን ለልጆች የምንነግር አለን። ይህን የምንል እኛ፣ ከጉና ግርጌ የምንኖር ሰዎች ነን! ጉማራና ርብ ከጉና ይነሣሉ። ዳገቱን እስከ አናቱ ያረስነው፣ ደኑን የመነጠርነው እኛና አባቶቻችን ነን። ክረምት ላይ ከወረታ ወደ ሐሙሲት ስትሄዱ የጉማራ ድልድይ ላይ ቆማችሁ እዩት፤ ቀይ ሆኖ፣ እርሻችንን ተሸክሞ ይወርዳል። ያ ወንዝ ከጣና የሚገናኘው እዚያው ጣና ቂርቆስ አጠገብ ነው። አፈሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የየከተማው ፍሳሽም ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ እምቦጩም ያን በልቶ ይወፍራል። የፎገራ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ከርሟል። እኛ ግን ጥፋቱን ለአንድ ስሙ ለማይታወቅ ባሕታዊ ሰጥተን እጃችንን ታጠብን። ልጆቻችን ርግማን ነው ብለው ካመኑ ዳገቱ ላይ ዛፍ ለምን ይተክላሉ?

እንግዲህ ምን እናድርግ ብትሉኝ፣ የማውቀው ጥቂት ነው። ስትናገሩ የነገራችሁን ሰው አብራችሁ ጥሩ፤ «አባቴ እንዲህ ብሎኛል፣ አባቴም ከአንድ የቂርቆስ መነኩሴ ሰማሁ ብሎኛል» በሉ። የማታውቁትን የተጠየቃችሁ እንደ ሆነ፣ «ይህን አባቶችን እንጠይቃቸው» በሉና ልጁን ይዛችሁ መነኩሴው ዘንድ ሂዱ። ልጅ በዚህ አይንቃችሁም። እኔን የልጅ ልጄ ያላመነኝ አላውቅም ስላልሁት አልነበረም። ጽሕፈት የምትችሉ ደግሞ፣ ዓይናችሁ ሳይደክም፣ በንጹሕ ከአባቶቻችሁ የተቀበላችሁትን በደብተር አስፍሩና ለልጆቻችሁ ስጡ። የጨመራችሁት ካለ ያንንም ጻፉት፤ «ይህ የእኔ ነው፣ አትቀበሉት» ብላችሁ ጻፉት። እኔ የራሴን ጽፌአለሁ፤ የደሙ ነገር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ይህን ማድረግ ያለብን ዛሬ ነው የምለው ስለ ሞት ብቻ አይደለም። በቁማችን እያለንም ቃላችን ከእጃችን ይወጣልና ነው። አምና ጥር ያን አስጎብኚ ፈልጌ ሄድሁ። ጀልባው ሳይነሣ አገኘሁትና ከመንገደኞቹ ፈንጠር አድርጌ፣ የደሙን ነገር የፈጠርሁት እኔ እንደ ሆንሁ፣ አንድም ሰው አይቶት እንደማያውቅ ነገርሁት። ወጣቱን በማያውቀው ነገር የበደልሁት ስለ መሰለኝ ይቅርታም ጠየቅሁት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «አባባ፣ አንቱ ረስተውት ነው እንጂ እውነት ነው። እኔ እንኳ ያየ ሰው አውቃለሁ» አለኝ።

ደግፎኝም ወደ ጀልባው አስገባኝ፤ ነፋስ እንዳያገኘኝ መካከል ላይ አስቀመጠኝ። ሞተሩ ተነሥቶ ከወደቡ ስንርቅ ወደ መንገደኞቹ ዞረና፣ «እኒህ አባት ያን ዕለት ከነበሩት አንዱ ናቸው» አላቸው። ስልኮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።